የተወጋም ይረሳል፦ በጥቃት ስለሚመጣ የአንጎል ጉዳት

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ግን ይህ አባባል አይሠራም። እሱ ይረሳል። ማን እንደመታው፣ በምን እንደመታው፣ ስንት ጊዜ እንደመታው፣ ወድቆ ይሁን ቆሞ፣ ሁሉም ሊጠፋበት ይችላል። የተመታ አንጎል ለጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ለሰዓታት፣ የሚያየውንና የሚሰማውን መያዝ ያቆማል። ያኔ ያልተያዘ ነገር በኋላ ቢፈለግ አይገኝም።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። «ቅድም በሩ ጋ ነው የመታኝ ብለሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሳሎን ትያለሽ። የቱ ነው?» ትባላለች አንዲት የተመታች ሴት። ግራ ይገባታል። ቃሏ ይለዋወጣል። ቃሏን የሚመዘግበው ሰው ቀና ብሎ ያያታል፣ ብዕሩንም ያስቀምጣል። እየዋሸች መስሎታል። የተለዋወጠው ቃል ራሱ የጉዳቱ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገረውም።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 69 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የአንጎል ጉዳት እንደሚደርስባቸው ይገመታል። አብዛኛው ከመኪና አደጋና ከመውደቅ የሚመጣ ነው። እዚህ የማወራው ግን በሰው እጅ ስለሚደርሰው ነው፤ በቡጢ፣ በዱላ፣ በጥይት፣ አንገት በማነቅ፣ ሕፃን ይዞ በመነቅነቅ። ለአንጎል ሥጋ አስፋልትም ቡጢም ያው ነው። ልዩነቱ ያለው ከምቱ በፊትና ከምቱ በኋላ ነው። በመኪና የተገጨን ሰው ሰው ይሰበሰብለታል፣ አምቡላንስ ይጠራለታል። በቤቱ የተመታ ሰው ይደብቃል፣ ወይም እንዲደብቅ ይገደዳል። የተገጨው ሰው ድኖ ወደ መኪናው ሥር አይመለስም። የተመታችው ግን ብዙ ጊዜ የምትመለሰው ወደ መታት ሰው ነው።

ቅሉ ውስጥ የሚሆነው

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠንካራ ነገር አይደለም፤ በጣት ቢነኩት ይሰረጉዳል። በራስ ቅል ውስጥ ፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ይኖራል። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ቅሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ አንጎል ወደኋላ ይቀራል፣ ከዚያ ተከትሎ ይደርስና ከአጥንቱ ጋር ይጋጫል። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ በሌላኛው ወገን ይላተማል። ለዚህ ነው አንዳንዴ በአንድ ወገን የተመታ ሰው በተቃራኒው ወገን ያለው አንጎሉ ተጎድቶ የሚገኘው።

ከሁሉ የከፋው ግን መሽከርከሩ ነው። አገጭ ላይ ያረፈ ቡጢ ጭንቅላትን በአንገቱ ላይ ያዞረዋል። ያን ጊዜ አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይሳባሉ፣ ይጠመዘዛሉ። አብዛኞቹ እዚያው አይበጠሱም። ውስጣቸው ይታወክና በሚቀጥሉት ሰዓታትና ቀናት አብጠው የሚበጠሱ አሉ። የጭንቅላትን ውስጥ በራጅ የሚያነሳው ሲቲ ስካን እነዚህን ክሮች አያይም። የሚያየው ደምን፣ ስብራትንና ትልልቅ እብጠትን ነው። ስለዚህ «ፎቶው ምንም የለውም» ማለት «ደም አልፈሰሰም» ማለት እንጂ «አልተጎዳም» ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ ሰው ከመታማት ያድነዋል። «ተመርምራ ደህና ነሽ ተብላ፣ አሁንም ራሴን ትላለች» የሚባልላቸውን አስቡ።

የደም መፍሰሱ በሁለት መልክ ይመጣል። በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩም የደም ቧንቧ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰበር ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል። ግፊት ያለው ደም በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ራሱን ስቶ ይነቃል፣ ልብሱን አራግፎ ይነሳል፣ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ያወራል። ከሰዓታት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ያስታውካል፣ ይተኛል። ከዚያ አይነሳም። በጊዜ ሐኪም ቤት ከደረሰ ቀዶ ሐኪም አጥንቱን ከፍቶ ደሙን ያወጣለታል፣ ሙሉ በሙሉ ሊድንም ይችላል። በእነዚህ ሰዓታት እቤት የተኛ ግን ዕድሉ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ቀስ ብሎ ይመጣል። ከአንጎል ወደ ሽፋኑ የሚሻገሩ ትንንሽ ደም መላሾች ይቀደዱና ጠብ ጠብ ይላሉ። አረጋውያን፣ ለዓመታት ብዙ የጠጡ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣሉ። አንጎል በዕድሜና በመጠጥ ትንሽ ሲሟሽሽ እነዚያ ደም መላሾች ተወጥረው ይኖራሉና። አንዲት እናት በልጃቸው ወይም በጠባቂያቸው ተገፍተው ከግድግዳ ቢላተሙ ያኔ ምንም ላይሆኑ ይችላሉ። ከ3 ሳምንት በኋላ መንገዳገድና መዘባረቅ ይጀምራሉ። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል። የሚታከም ነገር ነው።

ስለ አንድ ቡጢም ልበል። በአንድ ቡጢ ሰው ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ የገደለው ቡጢው ሳይሆን መሬቱ ነው። ሰው ሲደናቀፍ እጁን ይዘረጋል። በቡጢ ራሱን የሳተ ሰው ግን እንደ ግንድ ይወድቃል፤ የኋላ ጭንቅላቱ አስፋልቱን ወይም የደረጃውን ጠርዝ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይመታል። «አንዴ ብቻ ነው የመታሁት» የሚለው ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። አንዴ ግን ይበቃል።

ማነቅ

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚታለፈው ይህ ስለሆነ። ማነቅ ሲባል ሰው የሚያስበው ትንፋሽን ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ግን ለአንጎል ደም የሚወስዱ ቧንቧዎች አሉ። ሁለቱ ሲጨመቁ ሰው በ10 ሰከንድ አካባቢ ራሱን ሊስት ይችላል። ግፊቱ ከቀጠለ በደቂቃዎች ውስጥ የአንጎል ሴሎች መሞት ይጀምራሉ። የሞቱት አይተኩም። ለማስታወስ የምንጠቀምበት የአንጎል ክፍል በኦክስጅን እጦት ቶሎ ከሚጎዱት አንዱ ነው።

ምልክቱስ? ብዙ ጊዜ የለም። በአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ከተማ ለፖሊስ የቀረቡ 300 የማነቅ ጉዳዮች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ ታትሞ ነበር። በግማሾቹ ላይ ፖሊስ በዓይን ያየው አንድም ምልክት አልነበረም። ከቀሩትም ብዙዎቹ ፎቶ እንኳ የማያነሳ ቀላል መቅላት ነበራቸው። ስለዚህ አንገት ላይ ምልክት መፈለግ አይበቃም። ድምፅ መጎርነን፣ ሲውጡ ማመም፣ የዓይን ነጩ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች፣ ሳያውቁ ሽንት ማምለጥ፣ «ለአፍታ ጨለመብኝ» ማለት፣ እነዚህ ናቸው የሚናገሩት። የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ እዚያ የረጋ ደም ከቀናት በኋላ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ወጣት ሴት ድንገት ግማሽ ፊቷ ሲወድቅ አንገቷ ታንቆ እንደነበር የሚጠይቃት ስንት ሰው አለ?

ሌላም ነገር አለ፤ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በአጋሮቻቸው የተገደሉ ሴቶችን ጥቃት እየደረሰባቸው በሕይወት ካሉ ሴቶች ጋር አነጻጸረ። ቀደም ሲል በአጋሯ ታንቃ የምታውቅ ሴት በኋላ በእሱ የመገደል አደጋዋ በ7 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። «አንቆኝ ነበር፣ ግን ለቀቀኝ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ እንደ ተራ ጠብ አትለፉት።

ማን ይበልጥ ይጋለጣል?

በጎዳናና በመጠጥ ቤት ጠብ የሚጎዱት በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው። ሥራ ማጣት፣ ብቻ መኖር፣ የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ችግር፣ ከዚህ በፊት መመታት፣ በጥናቶች ደጋግመው ከሚታዩት መካከል ናቸው። ይህ «ማን ጥፋተኛ ነው» ለማለት አይደለም። ተጋላጭ መሆን አጥፊ መሆን አይደለም።

መጠጥን ለብቻው ላንሳው። መጠጥ ሦስት ጊዜ ይጎዳል። ጠቡን ያመጣል። አወዳደቁን ያከፋል። ከዚያ ደግሞ ጉዳቱን ይሸፍናል። አንድ ሰው ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስታውካል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። አፉ ይሸታል። «ተዉት፣ ይተኛ፣ ጠጥቶ ነው» ይባላል። ጓደኞቹ ፍራሽ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ፤ ወይም የእስር ቤት ወለል ላይ ይተኛል። ሌሊት ማኮራፋቱ ይለወጣል፣ ከባድና የተቆራረጠ ይሆናል፤ ደንዝዞ የተኛ ይመስላል። ጠዋት ቢቀሰቅሱት አይሰማም። ልክ የጠጣ ሰው የሚያሳየውን ምልክት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚፈስም ሰው ያሳያል። ጠጥቶ የተመታን ሰው «ስካሩ ሲለቀው እናያለን» ማለት አይገባም። ስካር በሰዓታት እየቀለለ ይሄዳል፤ እየከበደ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሴቶች ቤት ውስጥ ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በአጋሮቻቸው የተደበደቡ 99 ሴቶችን ጠየቀ። ከ4ቱ 3ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸው ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ከአንድ ጊዜ በላይ። አጥቂዎች ፊትና ጭንቅላት ላይ ማነጣጠራቸው የታወቀ ነው። ፀጉር በበዛበት ቦታ ያረፈ ምት ደግሞ ለማንም አይታይም።

ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችን በተመለከተ የብዙ ጥናቶች ድምር እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሞ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል። በእስር ቤቶች የተደረጉ ጥናቶችም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቁጥር ያሳያሉ። ነገሩ እንደ ቀለበት ይዞራል። ጉዳቱ ራስን መቆጣጠርን ያዳክማል፤ ሥራና ቤት ያሳጣል፤ ቤት ያጣ ሰው ደግሞ እንደገና ይመታል።

ሕፃናት

ሕፃን በተወለደ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ልቅሶው ጣሪያ ይነካል። ምንም ሳይጎድለው ለሰዓታት ያለቅሳል። አሳዳጊው እንቅልፍ አጥቷል፣ ተናዷል። ብብቱን ይዞ ይነቀንቀዋል። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደካማ ነው። አንጎሉ ወዲያና ወዲህ ይላተማል፤ በዓይኑ ጀርባም ሳይቀር ደም ይፈሳል። ልቅሶው ይቆማል። «ተኛ» ይባላል። እንዲህ ከተጎዱት 4 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይሞታል። ከተረፉት ብዙዎቹ ማየት ይሳናቸዋል፣ የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል፣ እጅና እግራቸው ይገተራል። አንዳንዱ ጉዳት የሚወጣው ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል አልያዝ ሲለው ነው።

ማድረግ የሚቻለው ቀላል ነው። ሕፃኑን በጀርባው ደህና ቦታ ላይ አስተኙት፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ውጡ፣ ለጥቂት ደቂቃ ተንፍሱ፣ ከዚያ ተመለሱ። ልቅሶ ሕፃን አይገድልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት

ሐኪሞች የጉዳቱን ክብደት የሚለኩት ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ላይ ባወጡት መለኪያ ነው። ዓይን ይገልጣል? ይናገራል? ሲያዙት ይንቀሳቀሳል? ይላል። ነጥቡ ከ3 እስከ 15 ነው። 13ና ከዚያ በላይ ከሆነ «ቀላል» ይባላል፣ 8ና ከዚያ በታች ከሆነ «ከባድ»። ከባዱን የሚጠራጠር የለም፤ በጥይት ጭንቅላቱን ከተመታ ሰው አብዛኛው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ይሞታል። እኔን የሚያሳስበኝ «ቀላል» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ የሚናገረው በዚያ ሰዓት ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። ከ6 ወር በኋላ ስላለው ኑሮ አይናገርም።

ደግነቱ አንድ ጊዜ ቀላል ምት የደረሰበት ሰው በብዛት በሳምንታት ውስጥ ይድናል። የማይድነው ግን ምን ይመስላል? አንዲት ሴት ወደ ሥራዋ ተመልሳለች እንበል። አንድ መስመር ታነባለች። እንደገና ታነባለች። ሦስተኛ ጊዜ ስታነብ የመጀመሪያው ቃል ጠፍቷታል። የመብራቱ ነጸብራቅ ዓይኗን ይወጋታል። ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ ጭንቅላቷ ይሞላል። ማታ ልጆቿ ሲንጫጩ ትጮህባቸዋለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች። ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች። የጋዝ ሽታ አይመጣላትም፤ ምቱ የሽታን ነርቭ በጥሶታልና። አለቃዋ «ሰነፈች» ይላል። ጎረቤት «ተለወጠች» ይላል። የመታት ሰው ደግሞ «አብዳለች» ይላል፤ ይህን ቃልም ይጠቀምበታል።

በጥቃት የተጎዳ ሰው ላይ ፍርሃቱም አለ። መባነን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ሐሳብ መበተን የአንጎል ጉዳትም የደረሰበት ድንጋጤም ምልክቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው አሉ። አንዱን ብቻ ማከም ግማሽ ሕክምና ነው። ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብም ከአንጎል ጉዳት በኋላ ይጨምራል። በስዊድን ለ40 ዓመት ገደማ የተመዘገበ መረጃ እንዳሳየው የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸው 6 ወር ያለፋቸው ሰዎች ያለዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ ወደ 3 እጥፍ ይደርሳል።

በጥቃት የተጎዱትን በሌላ አደጋ ከተጎዱት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ መመለሱ ለእነሱ እንደሚከብዳቸው አሳይተዋል። ምክንያቱ ምቱ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ከምቱ በፊትም ሥራም ደጋፊም አልነበራቸውም። ቀጠሮ ቢሰጣቸው የሚያስታውሳቸው፣ የሚወስዳቸው የለም። ቀስ እያሉ ከሐኪሞቹ መዝገብ ይጠፋሉ።

ከሁሉም የከፋው መደጋገሙ ነው። የመጀመሪያው ሳይሽር ሁለተኛ ሲመታ አንጎል ያብጣል፤ አልፎ አልፎም ይገድላል። ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ ሌላ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ለዓመታት የተመቱ ቦክሰኞች እየተንገዳገዱና እየተዘባረቁ የሚሄዱበትን ሁኔታ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አንድ የሕክምና መጽሔት በባሏ ለዓመታት የተደበደበች ሴት አንጎል ከሞተች በኋላ ሲመረመር የቦክሰኞቹን እንደሚመስል ዘገበ። በሁለቱ ዘገባዎች መካከል 62 ዓመት አለ። ቦክሰኛው በመድረክ ላይ፣ በዳኛ ፊት ተመታ። እሷ የተመታችበትን ቤት ያየ አልነበረም። ይህ በሽታ ዛሬም በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ ብቻ ነው፤ የተመታ ሁሉም አይያዝም።

ሰው ሲመታ ምን ይደረግ?

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ንግግሩ ከተወላገደ፣ አንድ ወገኑ ከዛለ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፣ ሲቀሰቅሱት በቀላሉ ካልነቃ፣ አትጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ታንቆ ከነበረም ምልክት ባይኖርም ይታይ። ሰዓት ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ12,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ሙከራ ውጤቱን ሲያወጣ፣ ደም መፍሰስን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በተለይ በጣም ከባድ ያልሆነ ጉዳት ያለባቸውን እንደሚጠቅም፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የበለጠ እንደሚጠቅም አሳይቷል።

ምልክቱ ቀላል ከሆነም የመጀመሪያውን 24 ሰዓት ብቻውን አይተው። አስፕሪንና መሰል ደም የሚያቀጥኑ ማስታገሻዎች አይሰጡት፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለስ። ለሳምንታት በጨለማ ክፍል መተኛት አይጠቅምም። መጠጥ ይቅርበት።

ሐኪም ቤት ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ብቻዋን ሆና ትጠየቅ። አብሯት የመጣው ሰው ምናልባት የመታት ነው። ነርሷ ሰውየውን «ካርድ ያውጡልኝ» ብላ ትልከውና ትጠጋታለች። «እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» «ተደናቅፌ።» «እሺ። ስትወድቂ ራስሽን ስተሽ ነበር?» ዝም። «ከዚህ በፊትስ፣ አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል?» የመጀመሪያው ጥያቄ ያልከፈተውን ሁለተኛው ሊከፍተው ይችላል። መልስ ባትሰጥም የተጠየቀችውን ይዛ ትሄዳለች፤ ሌላ ቀን ትመለስ ይሆናል።

አብራችኋት ያላችሁ ወዳጆቿ ከሆናችሁ ደግሞ ጻፉላት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በምን እንደተመታች፣ የት እንደወደቀች፣ ራሷን ለስንት ጊዜ እንደሳተች፣ ስንቴ እንዳስታወከች፣ ስትነቃ መጀመሪያ ምን እንዳለች። ወረቀቱ እሷ ቤት አይቀመጥ፤ እሱ ሊያገኘው ይችላል። እናንተ ጋ ይሁን። ነገ ሐኪሙ ሲጠይቃት ወይም ዳኛ ፊት ስትቆም ያን ሌሊት ላታስታውሰው ትችላለችና።